አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ

ጥር 19

ይህን ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ የከተተችው ባለቤቴ ናት። «ለእኔ የማትነግረኝን ለወረቀት ንገረው፤ ወረቀት አይቆጣህም» አለችኝ። እንግዲህ ልንገረው። የፓርክ ጠባቂ ነኝ፤ ከተቀጠርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ጉልበቴ ደህና ነው። ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የማሰፍረው እሷ አንድ ቀን ሰርቃ ማንበቧ ስለማይቀር ነው።

የምሥራቁ ጣቢያ ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። በአንደኛው ክፍል አራት አልጋ አለ፤ በሌላኛው የመገናኛ ሬዲዮውና እሱን የምትይዘው ሴት፣ ሬዲዮኛዋ የምንላት። ከአራቱ አልጋ አንዱ የጓዴ ነበር። ቆቡ ከአልጋው በላይ ካለው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ በጋ አንድ ቀን ያልተነካ ዕቃ በአቧራ ነጭ ይሆናል፤ ያ ቆብ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ማን እንደሚያራግፈው አላውቅም። እኔ አልነካውም።

ጥር 23

እሜቴን አገኘናት።

ስሙን ያወጣላት ጓዴ ነው። አካሄዷ ሠራተኛ አስከትላ ገበያ የወጣች ወይዘሮ ይመስላል፤ አትቸኩልም፣ ዞር ብላ አታይም፣ መንገድ የሚለቀው ሌላው ነው። በዚህ በኩል የቀረችው ሴት አውራሪስ እሷ ብቻ ናት። ሆዷ ወርዷል። አብሮኝ ቅኝት የሚወጣው ረጅሙ «ዝናቡ ሲገባ ትወልዳለች» ይላል፤ እኔ ከዚያ በፊት ነው እላለሁ። በአንድ በራድ ሻይ ተወራርደናል፤ ሻዩን የምታፈላው ሬዲዮኛዋ ስለሆነች ለማናችንም አይከብድም።

ጓዴ በመጨረሻዋ ሰዓት ያለኝ አንድ ነገር ነው። «እሜቴን አደራ» አለ። ስለዚያ ቀን ሌላ አልጽፍም።

ጥር 27

አሠራራችንን ለማያውቅ ሰው ልጻፍ (ለባለቤቴ ማለቴ ነው)። ቅኝት የምንወጣው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ ዱካ እያነበብኩ ከፊት፣ ረጅሙ ከመካከል፣ ዝምተኛው ከኋላ። የተሰጠንን ቦት ጫማ አናደርግም። ሶሉ ከሩቅ ይታወቃል፤ አዳኝ አንድ ጊዜ ካየው «ጠባቂዎቹ አልፈዋል፣ ለጥቂት ቀን አይመለሱም» ብሎ ወጥመዱን ይዘረጋል። ስለዚህ ማር ቆራጮቹና ሣር አጫጆቹ የሚያደርጉትን በረባሶ አድርገን እንሄዳለን። እነሱ በፈቃድ ሲገቡ ሲወጡ ይውላሉ፤ የእኛ ዱካ ከእነሱ ጋር ይቀላቀላል፣ ማን እንዳለፈ አይለይም። ይህን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝም።

ጥር 30

አሥራ አንድ የሽቦ ወጥመድ። ሁሉም አዲስ። ሁሉም ትናንት ባለፍንበት መንገድ ላይ፣ ከኋላችን።

የካቲት 4

አለቃችን ከዋናው ጣቢያ መጣ። አብረን ነው የተቀጠርነው፤ እሱ ወደ ወንበሩ ሄደ፣ እኔ ጫካ ቀረሁ፣ ማናችንም አልተጸጸትንም።

ቀኑን ለዋውጠናል። መንገዱን ለዋውጠናል። የምንወጣበትን ሰዓት በዚህ ቤት ካለነው በቀር የሚያውቅ የለም። ወጥመዱ ግን አልለቀቀንም። አለቃ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ «ከዚህ ክፍል ወሬ የሚያወጣ ሰው አለ» አለ። «ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይገኝ። ካልተገኘ ጣቢያውን ዘግቼ ሰዉን አዛውራለሁ። ለአዳኝ መንገድ የሚመራ ጣቢያ ምን ያደርግልኛል?»

ጣቢያው ከተዘጋ በምሥራቅ በኩል ሰው የለም። እሜቴ ብቻዋን ናት።

ሊሄድ ሲነሳ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ፣ እግርህ እንዴት ነው?» አለኝ። «ከመኪናህ ይሻላል» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። መሄድ ያቃተው ጠባቂ ወደ ዋናው በር ተዛውሮ የመኪና ታርጋ ሲመዘግብ ይውላል። ጥሩ ሥራ ነው። ለሌላ ሰው።

የካቲት 9

ቁልቁለቱን ቀስ ብዬ ወረድኩ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ረጅሙ የበረባሶውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ አራት ጊዜ ቆመ። ማሰሪያ ማጥበቅ ያልቻለ ሰው እንዴት ጠባቂ እንደሆነ ይገርመኛል። ዝምተኛው የውሃ ኮዳዬን ሳይጠይቀኝ ወስዶ ያዘልኝ። ምን ፈልጎ ነው?

ቅባቱ ሊያልቅ ነው። ለሚጠይቀኝ ለወገቤ ነው እላለሁ።

የካቲት 12

ዝምተኛው አምስት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሮ የተናገረው ቢሰበሰብ የዚህን ደብተር አንድ ገጽ አይሞላም። ሰው ስለማይናገር ክፉ ነው አይባልም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ዛሬ ግን አየሁት። የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ውሃ ልጠጣ ዞር አልኩ። ዝምተኛው ወደ ኋላ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ በቅጠላም ቅርንጫፍ አሸዋው ላይ አንድ ነገር ያደርጋል። ይጽፋል ይሁን፣ ምልክት ያኖራል ይሁን፣ ከዚያ ርቀት አልለየሁም። ሳየው ቅርንጫፉን ጥሎ ቀበቶውን የሚያስተካክል መሰለ።

የሚስቱ ወንድም ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር ይኖራል። ከዚያ መንደር ሁለት ሰው ከነሽቦው ተይዞ ያውቃል። ከኋላ የሚሄደውም ራሱ መርጦ ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ነገሩን ሳገጣጥመው ግጥም ይላል።

ልናገር? በአንድ ሰሐን አብሮኝ የበላ ሰው ነው። አደራም አለብኝ።

የካቲት 15

ተናገርኩ።

አለቃ በፊታችን ጠየቀው። «ቅጠሉን ይዘህ ምን ታደርግ ነበር?»

ዝምተኛው እኔን አየኝ፤ ከዚያ እግሬን፤ ከዚያ ወለሉን። «ምንም» አለ።

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምንም ነው፣ አለቃ።»

አንድ ቃል ቢጨምር እኔም አንድ ቃል እጨምርለት ነበር። አልጨመረም። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታግዶ ቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ሻንጣውን አሰረ። ከመውጣቱ በፊት ወደ ባዶው አልጋ ሄደና የጓዴን ቆብ ከሚስማሩ አወረደ፤ በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ አራገፈው፤ መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ደህና ሁኑ ብሎ ወጣ።

ሬዲዮኛዋ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ትክክል ነው ያደረግኩት።

የካቲት 19

ትክክል ነው ያደረግኩት።

የካቲት 21

አሥራ ዘጠኝ ወጥመድ።

የካቲት 24

ሃያ ሦስት። አንዲት ድኩላ ሞታ አገኘን።

ነገሩ አልገባኝም። ወሬ አውጪው ከሄደ ወጥመዱ መቀነስ ነበረበት፤ እሱ ግን በእጥፍ ጨመረ። አንደኛውን የሠሩት እኛ ካለፍን ግማሽ ቀን ሳይሞላ ነው፤ የላጡት ቅርፊት ገና እርጥብ ነበር። ረጅሙ ሽቦ እየጠቀለለ «ሰውዬው ዕድላችንን ሻንጣው ውስጥ ከቶት ሄደ መሰለኝ» አለ። አልሳቅኩለትም።

የካቲት 28

ከጭቃው አጠገብ። እሜቴ ቀትር ላይ የምትንከባለልበት ጭቃ። አራት ወጥመድ፣ ዝቅ ተደርገው የተሠሩ። ለድኩላ ነው ያጠመዷቸው፤ ቁመታቸው ግን በትክክል አዲስ የተወለደ አውራሪስ አንገት ላይ ያርፋል። አንድ በአንድ ፈታኋቸው። እሜቴ ከቁጥቋጦው ማዶ ቆማ ጆሮዋን ታዞር ነበር። ጓዴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር?

መጋቢት 1

በረንዳው ላይ ሬዲዮኛዋ ረጅሙን ስትቆጣው ሰማሁ። «እስከ መቼ ነው ማሰሪያ ስታስር የምትኖረው? ንገረው እንጂ።»

«አንቺ ንገሪው። እኔ አልደፍርም።»

ስገባ ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ያዘ። ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የራሳቸው ጉዳይ ይሆናል። ሬዲዮኛዋ ዕረፍትህ ደርሷል አለችኝ። አልደረሰም። «ደርሷል ብያለሁ፣ ጋሼ» አለች። ከእሷ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው። ነገ እሄዳለሁ።

መጋቢት 3

ቤቴ ነኝ። ትናንት ስገባ ባለቤቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። የቧንቧው ውሃ ይፈሳል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። ላስደነግጣት ብዬ ድምፄን አጥፍቼ ገባሁ። ድኩላ ሳትሰማኝ ሥሯ የምደርስ ሰው ነኝ እኮ።

«ዕቃህን በረንዳው ላይ ተወው፤ አቧራ ነው» አለች፣ ሳትዞር።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አንተን? ገና ደረጃውን ስትወጣ ነዋ። አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ፤ አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅሃል። ባለሱቋ እንኳ አንተ ገና ከመንገዱ ሳትታጠፍ "መጣልሽ" ትለኛለች።»

ጉልበትህን አሳየኝ አለች። ደህና ነው አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። እሷ ቢላዋ ካስቀመጠች በኋላ ጭቅጭቅ አያዋጣም፤ ሱሪዬን ጠቀለልኩላት። አጎንብሳ አየችው። ውሃ ልታሞቅ ሄደች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርቱ ነው አለች።

ራት ላይ ማንኪያዬ አፌ ሳይደርስ ቆመ። ባለሱቋ ሳታየኝ ታውቀኛለች። ባለሱቋ።

መጋቢት 4

ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው የጭነት መኪና ተመለስኩ። ሾፌሩን ወንዙ ጋ አውርደኝ አልኩት።

ይህን ረጋ ብዬ ልጻፈው። አሸዋው ላይ እንደ ሁልጊዜዬ ሃያ እርምጃ ሄድኩ፤ ከዚያ ዞሬ የማላውቀው ሰው ዱካ እንደሆነ አድርጌ አነበብኩት። ሰውዬው በረባሶ አድርጓል። ቀኝ እግሩ ሙሉውን ያርፋል። ግራው ተረከዙን አይጥልም፤ ጣቱ ከአሸዋው ሳይነሳ መስመር እየጎተተ ይሄዳል። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ነው። የግራ ጉልበቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ይህንንም ለሰው አይናገርም፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ባየ ቁጥር አካባቢውን የሚቃኝ መስሎ ቆሞ ያርፋል።

ይህን ዱካ ከመቶ ማር ቆራጭ መካከል ማንም ይለየዋል። ለሰው ሁሉ ጫማ አስወልቄ፣ መንገድ አስለውጬ፣ ሰዓት አስደብቄ፣ እኔው ራሴ በየአሸዋው ላይ «አልፈናል፤ ኑ ግቡ» የሚል ደብዳቤ ስጽፍ ከርሜአለሁ። ወሬ አውጪው የግራ እግሬ ነው። የሰውንም የአውሬንም ዱካ ሳነብ ኖሬ የራሴን አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም። ሁልጊዜ ከፊት ነበርኩ፤ ዱካዬን ያዩት ከኋላ የነበሩት ናቸው።

ከኋላ ደግሞ ዝምተኛው ነበር።

ያን ጊዜ ቅጠሉ ትዝ አለኝ። አልጻፈም። ምልክት አላኖረም። ይጠርግ ነበር። የእኔን መስመር ነው፣ የቻለውን ያህል፣ የሚጠርገው፤ ለዚህ ነው ከኋላ መሄድ የመረጠው። እሱ ከሄደ ወዲህ የሚጠርግ የለም፤ ወጥመዱም እጥፍ ሆነ። ውሃዬንም የያዘልኝ እንዲቀለኝ ነው። የረጅሙ ማሰሪያም አንድ ቀን ተፈትቶ አያውቅም፤ እኔ እንዳርፍ ነው የሚቆመው። ሁሉም ያውቃሉ። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አላወቅኩም ማለትም አልችልም።

አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለወረቀት ልንገር ካልኩ ይህንንም ልንገረው።

መጋቢት 5

ዝምተኛው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ አገኘሁት። ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ይቅር በለኝ አልኩት። መልስ የለም። አንጋጥጬ ሳየው አፉ በሚስማር ተሞልቷል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ዝም ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው።

ወረደና ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋ።

«ቅጠሉ ለእግሬ ነበር?» አልኩት።

«አለቃ እንዳያይብህ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ለቁጥጥር ሲመጣ በወንዙ በኩል ነው የሚያልፈው። ዱካህን ካየ ወደ ዋናው በር ያዛውርሃል። አዳኞቹን አላሰብኳቸውም። ማሰብ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም? እንደዚያ በፊታቸው ሳዋርድህ?»

«ምን ብዬ? እግሩ አልቋል ብዬ?» መዳፉ ላይ ያሉትን ሚስማሮች ዝቅ ብሎ ያይ ጀመር። «ያ እግር እንዴት እንዳለቀ አውቃለሁ እኮ። ያን ቀን እኔ መኪናው ጋ ነበርኩ። ጥይት የመታውን ጓድህን ከወንዙ ጀምረህ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ተሸክመኸው መጣህ። ሞቷል ብለን ነገርንህ፤ አላወረድከውም። እኔና ረጅሙ ነን ክንድህን ያላቀቅነው። ያን እግር እኔ አሳልፌ ልስጠው?»

አምስት ዓመት ያጠራቀመውን በአንድ ቀን ተናገረ። ሚስቱ ሁለት በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችልንና ገባች። ብዙ ተቀመጥን።

መጋቢት 6

አለቃ ቢሮው ነበር። «ወሬ አውጪውን አገኘሁት» አልኩት።

«ማነው?»

ውጭ ካለው ቧንቧ በረባሶዬን ነክሬ ተመለስኩና ከበሩ እስከ ጠረጴዛው በሲሚንቶው ላይ ሄድኩለት። ከወንበሩ ተነስቶ ወለሉን አየ። አንድ ሙሉ፣ አንድ የተጎተተ መስመር። እሱም በወጣትነቱ ጥሩ አንባቢ ነበር፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት።»

ተመልሶ ተቀመጠ። «ዝምተኛው ዛሬውኑ ይመለሳል» አለ። «አንተ ደግሞ ከዚህ በኋላ ቅኝት አትወጣም። ይህን እያወቅክ ነው የመጣኸው?»

«እያወቅኩ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያቺን እግር አንድ ጊዜ ልጠቀምባት።» ያሰብኩትን ነገርኩት። ሳልጨርስ ፈገግ አለ።

መጋቢት 9

ሥልጠና። ዝምተኛው በእኔ ፈንታ እያነከሰ እንዲያልፍ፣ አዳኞቹ ሁላችንም ወጥተናል ብለው እንዲገቡ፣ እኛ ጭቃው ጋ እንድንጠብቃቸው ነው ሐሳቡ። በጣቢያው ግቢ ውስጥ አካሄዴን ላስተምረው ተነሳሁ። «አያስፈልግም፣ ጋሼ» አለና ሄደ። አፌን ይዤ ቀረሁ። እግሩ ብቻ አይደለም፤ ትከሻዬን፣ ድንጋይ ጋ ስደርስ አገጬን ቀና አድርጌ ሩቅ የማየውን፣ ሁሉንም አሳምሮ አቀረበው።

«ስንት ወር ነው ከኋላህ የሄድኩት» አለ።

ረጅሙ እየሳቀ ዓይኑን ሲጠርግ ሬዲዮኛዋ ዝምተኛውን አጋለጠችው። ለካ እኔ ዕረፍት በወጣሁ ቁጥር በረንዳው ላይ እኔን ሆኖ እንዲሄድ ያስገድዱት ኖሯል። ልቆጣ ፈለግኩ፤ አልመጣልኝም።

መጋቢት 12

ዝምተኛውና ረጅሙ ዛሬ ጠዋት በአሸዋው በኩል አልፈው ወጡ። መስመሩ ቆንጆ ነው አሉኝ፤ ከእኔ ይበልጣል።

እኛ፣ ማለት አለቃ፣ ከዋናው ጣቢያ የመጡ አራት ጠባቂዎችና እኔ፣ በድንጋዩ በኩል ዞረን ጭቃው ጋ ደረስን። መጨረሻ ላይ አርባ እርምጃ አሸዋ ነበረች። እግሬ እዚያ ላይ ካረፈ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። ሰዎቹ ተያዩ። አለቃ ጎንበስ አለና «ና ውጣ» አለኝ። የፓርኩ ኃላፊ አዘለኝ። መሃል ላይ ሲደርስ እያለከለከ «ከመኪናዬ ይሻላል?» አለ። ጓዴ ጀርባዬ ላይ እንዴት እንደከበደኝ አሰብኩ፤ ከዚያ እንዴት እየቀለለኝ እንደመጣ።

መጋቢት 13

ማንም አልመጣም። ዝንብ ብቻ። ጉልበቴ በጣም ያመኛል፤ ይኸው ጻፍኩት። መጠበቅ ግን አልረሳሁም።

መጋቢት 14

ያዝናቸው።

ሦስት ናቸው። ረፋዱ ላይ ከሸምበቆው ወጡ፤ ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ አንድ አሮጌ ጠመንጃ። ሳይሸሸጉ እያወሩ ነው የመጡት፤ የራሳቸው ጓሮ የገቡ ይመስላሉ። የመጀመሪያውን ሽቦ እንጨቱ ላይ ሲያስሩ አለቃ «እጅ ወደ ላይ» አለ። ከአምስት አቅጣጫ ተነሳን። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ይህን ሁለት ጊዜ ልጽፈው፤ አንድ ጥይት አልተተኮሰም፣ ሁሉም ሰው በእግሩ ተመልሷል።

ከሦስቱ ትልቁ እያነከስኩ ስቀርብ ሲያየኝ ደርቆ ቀረ። ፊቴን፣ ግራ እግሬን፣ መልሶ ፊቴን። «አንተ እኮ አልፈሃል!» አለኝ፣ እንደተታለለ ሰው ተቆጥቶ። «ጎታታው ወጥቷል፣ ዱካውን በዓይኔ አይቻለሁ!»

ጎታታው። ለካ ስምም አውጥተውልኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንደ ዛሬ የሳቅኩበት ቀን የለም። አለቃም ጠመንጃውን እንደያዘ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰዎቹን ወደ መኪናው ከወሰዷቸው በኋላ እኔ እዚያው ቀረሁ። ቀትር ላይ እሜቴ መጣች። የተረገጠውን ሣር አሸተተች፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፣ ጭቃዋ ውስጥ ተጋደመች። ሆዷ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ዝም ብሎ ደስ አለኝ።

መጋቢት 18

አለቃ ሁላችንንም በረንዳው ላይ ሰበሰበ። ጣቢያው አይዘጋም፤ ሁለት ሰውም ይጨመርለታል። እኔም ተነስቼ ዝምተኛውን በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ያዋረድኩት በፊታቸው ስለሆነ ይቅርታውም እዚያው መሆን ነበረበት። እሱ ጆሮው ድረስ ቀልቶ «እሺ» አለ።

ስለ እኔም ተነገረ። ቅኝት አልወጣም። ጉልበቴን ሐኪም ያየዋል፤ ባለቤቴ ቀጠሮውን ቀድማ ይዛለች፣ ማንም ሳይነግራት። ዋናው በር ግን አልሄድም። በየዓመቱ የሚገቡትን አዳዲስ ጠባቂዎች ዱካ ማንበብ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ እያንዳንዱ ሃያ እርምጃ ሄዶ ይመለስና የራሱን ያንብብ።

ሪፖርቱን እኔው ጻፍኩት። «ወሬ ያወጣው፦» ከሚለው ፊት ስሜን ጻፍኩ። «ወሬ አውጪውን ያገኘው፦» ከሚለውም ፊት። ሬዲዮኛዋ አንብባው «ሹመት ይገባሃል ወይስ ቅጣት?» አለች።

መጋቢት 27

ወጥመድ፦ ዜሮ።

ሚያዝያ 3

ዝናቡ ትናንት ገባ። ዛሬ ጠዋት ሬዲዮው ላይ የዝምተኛው ድምፅ መጣ። «ጋሼን አምጡት» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። አለቃ በመኪናው ወሰደኝ። ከመኪናው ወርጄ የቀረውን በምርኩዝ ሄድኩ፤ ከፊት ዝምተኛውና ረጅሙ፣ ከኋላ እኔ። ከኋላ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ብዙ ነገር ይታያል።

ጭቃው ጋ ስንደርስ ቆመና ጎን ሆነልኝ። «አንብበው» አለኝ።

ጎንበስ አልኩ። ሦስት ጣት ያለው፣ ከሁለቱ መዳፌ የሚሰፋ፣ ዳሩ ያልፈረሰ፤ የእሜቴ ነው። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ሦስት ጣት። አንድ መዳፌን አኖርኩበት፤ መዳፌ ሸፈነው። ቀና ስል ከቁጥቋጦው ሥር ቆመው ነበር። ትንሹ በእናቱ እግሮች መካከል ገብቶ ወደ እኛ ያያል፤ ጆሮው ከጭንቅላቱ ይበልጣል። ረጅሙ በጆሮዬ «ዝናቡ ሲገባ ብያለሁ» አለ። ሻዩን ተበላሁ።

ዝምተኛው ከቦርሳው የጓዴን ቆብ አወጣ። ይዞት መጥቷል። ሊሰጠኝ ሲል እጁን መለስኩና ራሱ ላይ ደፋሁለት። «ከፊት የምትሄደው አንተ ነህ» አልኩት። አላወለቀውም። አደራውን ለእሱ ሳስረክብ ትከሻዬ ቀለለ፤ እንዲህ ይቀላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጣሁ። በምርኩዝ፣ ሦስት ጊዜ አርፌ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። ባለቤቴ ገና ሃሎ ሳትል ጀመረች።

«ጉልበትህስ?»

«ታሟል» አልኳት።

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ እንዲህ ብያት አላውቅም። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ድምፅህ ግን የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም» አለች ቆይታ። «ምን አይተህ ነው?»

«ጭቃው ላይ ዱካ» አልኳት። «ሁለት፣ ጎን ለጎን። አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ።»